ከሚኒሶታ በፊት ስለ ተበላ እናውራ



በከተሞቻችን ባለን ሙስሊም ወጣቶች ዘንድ ከአሜሪካ 50 ግዛቶች ውስጥ ስሟ እንደ ሚኒሶታ የሚነሳ የለም። ኒው ዮርክን በፊልም እናውቃታለን፣ ዋሽንግተንን በዜና። ሚኒሶታን ግን የምናውቃት በዘመድ ነው። የአጎት ልጅ እዚያ አለ፣ የጎረቤት ልጅ እዚያ አለ፣ ወይም ደግሞ እዚያ ያለ ሰው የሚያውቅ ሰው አለ። በመግሪብና በዒሻ መካከል ባለችው ጊዜ የሚወራው ይኸው ነው፦ አዛን በድምፅ ማጉያ ይሰማል፣ ሐላል ሥጋ እንደልብ ነው፣ ሒጃብ የለበሰች ሴት ምክር ቤት ገብታለች፣ ሙስሊሙ የራሱ የገበያ አዳራሽ አለው። ወሬው ሲያልቅ አንዱ አንገቱን ደፋ አድርጎ «እዚህ ግን...» ይላል። ዓረፍተ ነገሩን የሚጨርስለት የለም፤ ሁላችንም ግን ገብቶናል።

ዛሬ መጻፍ የፈለግነው ስለዚያች ሳታልቅ ስለምትቀር ዓረፍተ ነገር ነው። «እዚህ» ማለት ለኛ ተበላ ነው። ሶዶ ነው፣ ቦዲቲ ነው፣ አረካና ገሱባ ነው። ስለ ሚኒሶታ ኑሮ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚያወራ ወጣት ስለ ወላይታ ኑሮ «ሥራ የለም» ከሚለው ሌላ የሚለው ነገር ካጣ፣ የምንኖርበትን ቦታ ጭራሽ አላየነውም ማለት ነው።

በመጀመሪያ የሚኒሶታን ጉዳይ እንጨርስ። ወሬው ውሸት አይደለም። የሚኒያፖሊስ ከተማ ምክር ቤት መስጂዶች የአምስቱንም ወቅት አዛን ዓመቱን ሙሉ በድምፅ ማጉያ እንዲያሰሙ የፈቀደው በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ነው። ኢልሃን ዑመር በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለአሜሪካ ኮንግረስ ተመርጣለች። ከእሷ በፊት ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ኪት ኤሊሰን ከዚያው ከተማ ተመርጦ በኮንግረስ ታሪክ የመጀመሪያው ሙስሊም ሆኗል። ካርመል የሚባለው የሶማሊዎች የገበያ አዳራሽም እውነት ነው፤ ከሱቅ እስከ መስጊያ ሁሉም አለበት።

ግን ይህ ሁሉ ከሰማይ አልወረደም። ሶማሊዎቹ እዚያ መድረስ የጀመሩት በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ አገራቸው ስትፈርስ፣ ከስደተኛ ካምፕ ተነስተው ነው። ብዙዎቹን የሳባቸው የተርኪ ሥጋ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ነው፤ ቋንቋ የማይጠይቅ፣ ሌላው ሰው የሸሸው ሥራ። በክረምት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚወርድበት አገር ነው። ጎረቤቱ ክርስቲያን ነው፣ አሠሪው ክርስቲያን ነው፣ ሙስሊሙ እስከ ዛሬም ድረስ ከመቶ ጥቂት እጅ ነው። ሰላም ብቻ ነውም አንልም። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ብሉሚንግተን በምትባለው ከተማ ዳር አል ፋሩቅ መስጂድ ላይ ሰዎች ለፈጅር ሶላት በተሰበሰቡበት ሰዓት ቦምብ ተወርውሯል። አልሐምዱሊላህ ሰው አልሞተም።

እንግዲህ ሚኒሶታን ሚኒሶታ ያደረጋት ምንድን ነው? ሰዎቹ ወረዱ፣ ሻንጣቸውን ፈቱ፣ ቋንቋውን ተማሩ፣ ለምርጫ ተመዘገቡ፣ በልጆቻቸው ትምህርት ቤት ስብሰባ እጃቸውን አወጡ፣ ሱቅ ከፈቱ። አዛኑን የፈቀደው ምክር ቤት ውስጥ የራሳቸው ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ቦታዋን የኛ ነች አሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ቦታዋ የሰማቻቸው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ።

ተበላ የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ነች። ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው መንገድ ያልፍባታል። ወደ ሰሜን ሶዶ የተንተራሰችው የዳሞታ ተራራ አለ፤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,900 ሜትር ነው። ወደ ደቡብ ደግሞ የአባያ ሐይቅ ቆላ አለ። ደጋና ቆላ የሚገናኙባት ከተማ ነች ማለት ነው፤ ገበያዋ ላይ ከላይ የመጣውና ከታች የመጣው ምርት ጎን ለጎን ይዘረጋል። አብዛኛው የሀገራችን ሰው በመስኮት አይቷት ያልፋል። አርባ ምንጭ አዞና ሐይቅ ሊያይ የሚሄድ ሰው ተበላ ላይ ቢያንስ ውሃ ለመግዛት ይወርዳል፤ ከዚያ ያለፈ አያውቃትም።

ወላይታን ከሌላው ቦታ የሚለየው ምንድን ነው ብንባል የኛ መልስ አንድ ነው፦ የሰው ብዛት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በዞኑ 1.5 ሚሊዮን ሰው ተቆጥሯል። የዞኑ ስፋት ወደ 4,500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ማለት ያኔ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ከ330 በላይ ሰው ይኖር ነበር፤ ዛሬ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ሚኒሶታ ከወላይታ ዞን 50 እጥፍ ያህል ትሰፋለች፣ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚኖርባት ሰው ግን ከ30 ያንሳል። እዚያ ሰው ከሰው ሳይገናኝ መዋል ይችላል። እዚህ ግን በሩን የከፈተ ሁሉ ጎረቤቱን ያያል።

ይህ ብዛት ኑሮውን ሁሉ ቀርጾታል። ሰፊ መሬት ስለሌለ ገበሬው በቤቱ ዙሪያ ያለችውን እያንዳንዷን ስንዝር ያለማል። እንሰቱ ከቤቱ አጠገብ ነው፤ የከብቱ ፍግ ወደሱ ይሄዳል፣ የእንሰቱ ቅጠል ወደ ከብቱ ይመለሳል። ከእንሰቱ ወዲያ ጎደሬው፣ ስኳር ድንቹ፣ ቡናው፣ በቆሎው ይከተላል። እንሰት ዝናብ ቢዘገይም ይቆያል፤ ከጎጆው ጀርባ የቆመ ጎተራ በሉት። አረካ ከተማ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በእንሰት ምርምሩ የታወቀው በከንቱ አይደለም። ያም ሆኖ ብዛቱ ሲጨክን ይጨክናል። ምድሩ አረንጓዴ ሆኖ ሰው የሚራብባቸው ዓመታት በወላይታ ነበሩ፤ ከውጭ ለሚመጣ ሰው የማይገባው የረሃብ ዓይነት ነው። ማሳው ለወንድማማቾች ተከፋፍሎ ተከፋፍሎ ሲያልቅ ልጁ ወደ ወንጂና መተሐራ ሸንኮራ፣ ወደ አዲስ አበባ ሊስትሮና ሎተሪ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ ጫማችሁን የሚጠርገው ልጅ ስሙን ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ያንን የቆየ፣ በድሮው አስተዳደር ጊዜ መዝገብ ላይ ሳይቀር የሰፈረ፣ ሕዝቡ ራሱ የጣለውን ስም ዛሬም በሱቃችን ውስጥ ለቀልድ የሚጠሩ አሉ። ከኛው መካከል፣ ሶላት ከማይቀርባቸው መካከል ማለት ነው። ሰውን ሰው በሚጠላው ስም መጥራትን ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት ከልክሏል። ከዚህ በላይ ምን ይባላል።

የሁምቦን ተራራ እንመልከት። ተበላ የሚኖር ሰው በየቀኑ ያየዋል፣ ታሪኩን ግን ከኛ ይልቅ የውጭ ሰው ያውቀዋል። ተራራው በአንድ ወቅት ዛፉ ተቆርጦ፣ ተቃጥሎ፣ ተግጦ ራቁቱን ቀርቶ ነበር። ጎርፍ አፈሩን ወደ ታች እያወረደ ማሳ ይቀብር ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገበሬዎቹ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው 2,728 ሄክታር መሬት ከከብትና ከመጥረቢያ ከለሉ። በአብዛኛው ችግኝ አልተከሉም። የተቆረጠው ዛፍ ጉቶ ከመሬት በታች ሥሩ አልሞተም ነበር፤ ከየጉቶው የሚወጣውን ቀንበጥ መርጠው፣ ደካማውን ገርዘው፣ ጠንካራውን አሳደጉ። በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ማዕቀፍ ተመዘገበ፤ በዚያ ማዕቀፍ በአፍሪካ ቀዳሚ የሆነ ሰፊ የደን ሥራ ነው። የዓለም ባንክም ደኑ ከሚይዘው ካርቦን 165,000 ቶን ለመግዛት ውል ገባ። ከአየር የተሠራ ገንዘብ ወደ ሁምቦ ገበሬ ማኅበር መጣ፤ ሱብሓነላህ። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን? ሚኒሶታ ውስጥ ስንት ሐይቅ እንዳለ የሚነግረን ልጅ ግን አለ፤ «የ10 ሺህ ሐይቆች አገር» ይላታል።

ሌላው የወላይታ መለያ ቋንቋው ነው። ወላይታ ስለ ቋንቋው ዋጋ የከፈለ ሕዝብ ነው። በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን ደባልቆ «ወጋጎዳ» በሚል ስም አንድ ቋንቋ ለመፍጠር መጽሐፍ ታትሞ ወደ ትምህርት ቤት ሲላክ፣ የሶዶ ሕዝብ ተነሳ። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ነጋዴው ወጣ። ሰው ሞተበት። መጽሐፉም ተነሳ፤ ብዙም ሳይቆይ ወላይታ ከሰሜን ኦሞ ተለይቶ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። እንዲህ ያለ ሕዝብ መካከል 20 ዓመት ኖሮ በቋንቋው «ስንት ነው?» ከሚለው ውጭ የማይሰማ ነጋዴ ምን ይባላል? ይኸው ሰው ሚኒያፖሊስ ቢደርስ በመጀመሪያው ሳምንት እንግሊዝኛ ለመማር ይመዘገባል።

ወላይታ ሲገናኝ «ሳሮ» ይላል። ሳሮ ማለት ሰላም ነው። እኛም ስንገናኝ የምንለው ሰላምን ነው። ትርጉሙን ሳያውቁ በየቀኑ ሲሰሙት መኖር ያሳዝናል።

ስለራሳችን በግልጽ እንነጋገር። በወላይታ ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው። ፕሮቴስታንቱና ኦርቶዶክሱ ብዙ ነው፣ ካቶሊኩም አለ። ከአባቶቻችን ብዙዎቹ ከስልጤ፣ ከጉራጌ፣ ከሀላባ፣ ከወሎ ለንግድ የመጡ ናቸው፤ ከወላይታው ተወላጅ መካከልም ሙስሊም የሆኑ ወንድሞችና እህቶች አሉ። አባቶቻችን የመጡት አንድ ጣቃ ጨርቅ፣ አንድ ከረጢት ጨው ይዘው ነው። ሱቅ ከፈቱ፣ መስጂድ ሠሩ፣ እኛን ወለዱ። ነገር ግን አንድ ልማድ ትተውልን አለፉ፦ ልብን እዚህ አለማሳደር። ትርፉ ወደ አገር ቤት ይላካል፣ ቤቱ እዚያ ይሠራል፣ እዚህ ኪራይ ነው። ለአባቶቻችን አንፈርድም፤ የመጡበትን ዘመን እነሱ ያውቁታል። እኛ ግን እዚህ የተወለድን ነን። የልደት ካርዳችን ላይ ያለው ከተማ ተበላ ነው፣ ሶዶ ነው። በገዛ ከተማችን «አገርህ የት ነው?» ስንባል የአያታችንን መንደር የምንጠራው ለምንድን ነው? አይተነው እንኳ የማናውቀውን!

ብዙዎች የሐበሻውን ሂጅራ ያነሳሉ፤ ንጉሡ ደግ እንደነበር፣ ሰሓባዎች በክርስቲያን አገር በሰላም እንደኖሩ። ይህን የማያውቅ የለም። እኛን የሚገርመን ግን ብዙ ጊዜ የማይነሳው ክፍል ነው። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) እና አብረውት የነበሩት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላም ወዲያው ተነስተው አልሄዱም። የተመለሱት የኸይበር ዘመቻ በተደረገበት ዓመት ነው። ከአሥር ዓመት በላይ እዚህ ምድር ላይ ኖሩ። ልጆች ወለዱ፤ የጃዕፈር ልጅ ዓብደላህ የተወለደው ሐበሻ ምድር ላይ ነው። አሥር ዓመት ዳቦ መግዛት፣ ቤት ማደስ፣ ከጎረቤት ጋር መነጋገር፣ ልጅ ማሳደግ አለበት። እንግድነት ይህን ያህል አይረዝምም።

«ይህ ሁሉ መልካም፣ ችግሩስ?» ትሉናላችሁ። አለ። ሦስቱን እንጥቀስ።

አንደኛው ሥጋ ነው። ወላይታ የሥጋ አገር ነው። የወላይታን ሰንጋ የማያውቅ የለም፤ ቁርጡና ዳጣው በአዲስ አበባ ሳይቀር ስም አለው። ሙስሊሙ ወጣት ግን ከጓደኞቹ ጋር ምሳ ሲወጣ እነሱ ቁርጥ ሲያዙ እሱ እንቁላል ያዛል። ከዚያ «የኛ ነገር እዚህ አይመችም» ብሎ ያጉረመርማል። እኛ ማጉረምረሙ አይገባንም። በዚህ አገር ሰንጋ የሚያደልበው ገበሬ በየቀበሌው ነው። ከእርሻ የወጣ፣ የከሳ በሬ ይገዛል፣ ቤት ውስጥ አስሮ የስኳር ድንች ሐረግ፣ የእንሰት ቅጠል፣ የበቆሎ አገዳ ያበላዋል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ በሬ አድርጎ ያወጣዋል። ይህን ከጎረቤት መማር ይቻላል። ዒደል አድሓ ደግሞ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል፤ በነዚህ ዓመታት የሚውለው በግንቦት አካባቢ፣ የመስከረሙ ትልቅ የሰንጋ ገበያ ገና ሩቅ በሆነበት ወቅት ነው። ለዚያ ቀን የደረሰ በሬ ያለው ወጣት ገዢ አያጣም። ለኡዱሒያ አንድ በሬ ለሰባት ሰው ይበቃል። ወላይታውም ለጊፋታ ጎረቤት ከጎረቤት ገንዘብ እያጠራቀመ አንድ ሰንጋ ገዝቶ ይከፋፈላል፤ ሴቶቹ ደግሞ ለቅቤው ለብቻቸው ይቆጥባሉ። ቁጠባውን በተመለከተ ከነሱ የምንማረው አለ፤ እኛ ብዙ ጊዜ በግ የምናስበው ዒዱ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው።

ካፒታል የለም የሚል ካለ፣ ወለድ የለሽ ባንክ ከመጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ዘምዘም ባንክ ሥራ የጀመረው በሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው፤ ሂጅራ ባንክም ተከትሎ መጣ፤ የሌሎቹ ባንኮች መስኮትም አለ። ሙራበሃ የሚባለው ውል ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስታውቆ፣ በጊዜ ክፍያ የሚሸጥበት ነው። ለአምስት ጓደኛሞች አምስት በሬ በዚህ መንገድ መጠየቅ ነውር የለውም። ቢከለክሉ እንኳ ጥያቄው መዝገብ ላይ ይገባል። የሥጋ ቤቱ ጉዳይም እንዲሁ ነው፤ ተበላ ላይ ንጹሕ፣ ወንበሩ ያልተሰበረ፣ ቤተሰብ ይዞ የሚገባበት የሙስሊም ሥጋ ቤት የሚከፍት ወጣት ገበያው የኛ ሰው ብቻ አይሆንም። ከሀላባ ቁሊቶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው ሾፌርም እዚያው ይቆማል።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። የጁሙዓ ሰዓት ከፈተና፣ ከሥልጠና ወይም ከስብሰባ ጋር ይጋጫል። እኛም የደረሰብን ነው፤ አንድ ትምህርት ቤት ዓርብ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ፈተና አስቀምጦ ነበር፣ ከኛ መካከል ማንም ቀድሞ ሄዶ አልተናገረም። ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው የተቆጣነው። ፈተናውን ያወጡት ሰዎች ጁሙዓ መቼ እንደሚሰገድ የሚያውቁት ከየት ነው? ብዙ ጊዜ ክፋት የምንለው ነገር አለማወቅ ነው። የሚያሳውቀው ሰው ደግሞ ጠፍቷል። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ የሙስሊም ወላጅ ወንበር ባዶ ነው፤ ሱቅ የሚዘጋለት ሰው የለማ! የቀበሌ ስብሰባማ አይነሳ።

ይህ ጉዳይ አሁን ከበፊቱ ይበልጥ ይከብዳል። በጥር 2015 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ በወላይታ ዞን በሰኔ ወር ተደገመ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የክልሉ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ቢሮዎች መጡ፣ ሠራተኛ መጣ፣ ውሳኔ የሚሰጥበት ጠረጴዛ ከሐዋሳ ወደ ሶዶ መጣ። ከተበላ በሚኒባስ ሄዶ ጉዳይ ጨርሶ ለዓስር መመለስ ይቻላል። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ከባሌ፣ ከጅማ፣ ከወሎ፣ ከሶማሌ የሚመጡ ሙስሊም ተማሪዎችን በየዓመቱ ይቀበላል። ዶክተሩ፣ ኢንጂነሩ፣ ሕግ አዋቂው እዚያ አለ። እነዚህን ልጆች በረመዷን ኢፍጣር ከመጋበዝ አልፈን «ስትመረቅ እዚህ ቅር» ብለናቸው እናውቃለን? አራት ዓመት ኖረው ከተማዋን ሳያውቁ ይሄዳሉ። እግር ኳስ የሚወዱት እንኳ ይሻላሉ፤ ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክን ካይሮ ላይ በመለያ ምት ያሰናበተበትን ቀን ያነሳሉ። በዚያ ቀን ሶዶ ውስጥ «አንተ የማን ነህ?» ያለ ሰው አልነበረም።

ሦስተኛውን ከመናገራችን በፊት ስለ ዱቤ ደብተር ትንሽ እንበል፤ ምክንያቱም እኛ ያደረግነው ነገር የለም ማለትም ሐቅ አይደለም። በ2015ና በ2016 ዓ.ም. በዞኑ የመምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ሲዘገይ፣ የዜና ጉዳይ ሆኖ ነበር። ያኔ ዘይቱን፣ ዱቄቱን፣ ሳሙናውን በደብተር እየጻፉ የሰጡ ባለ ሱቆች አሉ። ከነሱ ብዙዎቹ የኛ አባቶችና ወንድሞች ናቸው። አንዳንዱ ደብተር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ይህን ያደረገ ሰው ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የጎደለው ነገር ቢኖር ዱቤውን እየሰጠ ስብሰባው ላይ አለመቀመጡ ነው። ጎረቤቱ ሲታመም ጠይቋል፣ ሲሞትበት ለቅሶ ደርሷል፣ በእድሩ መዋጮ ከፍሏል። ስለ መንገዱ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ግን «ባለቤቶቹ ይነጋገሩ» ይላል።

መሄድ ሐራም ነው እያልን አይደለም። የሚሄድ ይሂድ፣ አላህ መንገዱን ያቅናለት። በረሃ አቋርጦ በደላላ እጅ የሚሄደውን ግን እናቱ ፊት ቁመን «ሂድ» ልንለው አንችልም። በሕጋዊ መንገድ የሚሄደውም ቢሆን አንድ ነገር ይወቅ፦ እዚህ ያላጠናውን እዚያ ይፈተንበታል። ከሰው መሐል ጥቂት ሆኖ መኖርን፣ ሳይሸማቀቁና ሳይኮሩ «እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የዚህ ከተማ ሰው ነኝ» ማለትን ተበላ ላይ ያልለመደ ሰው ሚኒያፖሊስ አይለምደውም።

ሦስተኛው የመቃብር ቦታ ነው። በየከተማው የሚነሳ ጉዳይ ነው። መሬት በዚህ ደረጃ በጠበበበት ዞን የቀብር ቦታ ለማንም ቀላል አይደለም፤ ጎረቤት ክርስቲያኑም ይቸገራል። ከተማው በሰፋ ቁጥር ድሮ ዳር የነበረው ቀብር መሐል ይገባል፣ አጥሩ ይፈርሳል፣ ከብት ይገባበታል፣ አንድ ቀን ቀያሽ ይመጣል። ያኔ «ካርታ አላችሁ?» ሲባል በየኪሳችን እንዳስሳለን። አባቶቻችን በቃል ነበር የተረከቡት፤ የሰጣቸውም የተቀበሉትም ሰዎች አልፈዋል። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል፤ በስሙ መጠየቅ፣ ማስመዝገብ፣ መከራከር ይቻላል። ጥያቄው ግን ከታች፣ ከየከተማው መነሳት አለበት። ለጥያቄው ደግሞ መረጃ ያስፈልጋል፦ ቦታው ከየት እስከ የት እንደነበር፣ ማን እንደሰጠ፣ በየትኛው ዓመት፣ የመጀመሪያው ሟች ማን እንደነበር። ይህን የሚያውቁት አባቶች በየከተማው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ጉልበታቸውም ደክሟል። የፊታችን ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ሁለት ሦስት ወጣት ሆኖ አንዱን አባት በባጃጅ ወስዶ ድንበሩን አብሮ መዞር፣ የሚሉትን መጻፍ፣ ጎረቤት ሆነው የኖሩ የወላይታ ሽማግሌዎችንም በምስክርነት ማስፈረም ግማሽ ቀን አይፈጅም። ሽማግሌዎቹን የምታናግሩት በወላይትኛ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ያስታውሳሉ።